ስሙ ደሴት ነው

ወደ ጉዞው ከመግባቴ በፊት ስለ ቤታችን ደንብ ልንገራችሁ። ደንቡን ሳታውቁ ከቀጠላችሁ በማይሳቅበት ትስቃላችሁ፤ በሚሳቅበትም ዝም ትላላችሁ።

ደንቡ እንዲህ ነው። ከቤተሰቡ የተሳሳተ ሰው እራት ላይ ከወንበሩ ይነሣል። ቀጥ ብሎ ይቆማል። እጁን ኪሱ ውስጥ አይከትም፣ ደረቱ ላይም አያጣምርም። «ተሳስቻለሁ» ይላል። «ግን» የምትባል ቃል አይጨምርም፤ «ግን» ያለበት ይቅርታ የተቀደደ ባልዲ ነው፣ ቤት ሲደርስ ባዶውን ነው። ከዚያ በኋላ የቤቱ ታላቅ «ተቀመጥ» እስኪለው ድረስ እንደቆመ ይቆያል። የቤቱ ታላቅ እኔ ነኝ።

ደንቡን ያወጣሁት ልጃችን ቤዛ ትንሽ ሳለች ነው። አንድ ቀን የአስተማሪዋን ደብዳቤ ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ ተገኘችና ቆመች። «ተሳስቻለሁ፣ አባ» አለች። እኔም ትምህርቱ አጥንቷ ድረስ ይግባ ብዬ ሾርባዬን እስክጨርስ ዝም አልኳት። የእሷ ሾርባ በረደ። ዛሬ ጄኔቭ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ደንቡ ጠቅሟታል ብዬ አምናለሁ። እሷ ምን እንደምታምን ጠይቄያት አላውቅም።

ታዲያ ደንቡ ከወጣ ሃያ ዓመት ሲሆነው እኔ ራሴ አንድም ቀን አልቆምኩም። ይህ የሆነው ስላልተሳሳትኩ ይመስለኝ ነበር። ባለቤቴ የሺ ግን ሌላ አስተያየት አላት። «አንተኮ ወንበሩ ላይ በቅለሃል» ትለኛለች።

አሁን ስለ ደሴቱ።

የሺ ዙሪክ ውስጥ ቢሮ ስታጸዳ፣ ለሃያ ዓመት ስትንበረከክና ስትነሣ ጉልበቷ ተጎዳ። ብርድ ሲነካው ያብጣል። ሐኪሙ «ለዚህ ጉልበት ሙቀት ነው መድኃኒቱ» አላት። እኔም ከሐኪሙ ቤት ስንወጣ፣ ትራም እየጠበቅን፣ «ሙቅ ባሕር አሳይሻለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ። ቃል መግባት ይቀናኛል። ስንጋባም ላንጋኖ እወስድሻለሁ ብያት ነበር። ያ ከሆነ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ላንጋኖም እዚያው አለ፣ እኛም እዚህ አለን።

«እሺ» አለችኝ። የሺ ስትቆጣ ብዙ ትናገራለች፤ ተስፋ ስትቆርጥ ነው «እሺ» የምትለው። ይሄን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

እዚህ ላይ ስለ ትምህርቴ ትንሽ ማለት አለብኝ። ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ራሴን ራሴ አስተማርኩ። እንግሊዝኛን የተማርኩት ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ሲሆን፣ ከዚያ ሁሉ ቃል አንዱ ብቻ አናዶኝ ቀረ። ደሴትን «አይላንድ» ይሏታል። ስትጻፍ ግን መሐሏ ላይ «ኤስ» አለች። ትጻፋለች፣ አትነበብም። ሥራ ሳትሠራ ከቃሉ ጋር ትበላለች ማለት ነው። ልጄ እንዲህ ብትሆን አልታገሥም ነበር። ዙሪክ መጥቼ ጀርመንኛ ስጀምር ልቤ ያረፈው በዚህ ነው። ጀርመንኛ ሥራ ፈት ፊደል አይወድም፤ ከተጻፈ ይነበባል። ልክ እንደ ሰዎቹ፣ ሁሉም በሰዓቱ ገብቶ በሰዓቱ ይወጣል።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ (አልትሽቴተን፣ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው) መንገድ ዳር ባለ አንድ የጉዞ ሱቅ መስኮት ላይ ትልቅ ፎቶ አየሁ። አንዲት ሴት እስከ አንገቷ ሰማያዊ ውኃ ውስጥ ገብታለች። ውኃው ይጨሳል። ፊቷ ላይ ያለው ዕረፍት የየሺ ፊት ላይ አይቼው የማላውቀው ነው። ከበላዩ በትልቁ ተጽፏል፤ አይ፣ ኤስ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤን፣ ዲ። መዝገበ ቃላቴ ላይ ያለው ቃል ራሱ! ከሥሩ ደግሞ የመኪና ሥዕል አለ፤ ለሁለት ሰው፣ ለስምንት ቀን።

ገባሁ። ሻጯ ወጣት ሴት ናት። በጣቴ ጠቆምኩላት።

«ኢስላንድ?» አለችኝ።

ኢስላንድ! አያችሁ? ኤሷን ሥራ አስገብተዋታል። በጀርመኖች ኮራሁ።

ልጅቷ ብዙ ነገረችኝ፤ እኔም «ያ፣ ያ፣ ገናው» (አዎ፣ አዎ፣ ልክ ነው) እያልኩ ራሴን ነቀነቅሁ። ራስ መነቅነቅ ለስደተኛ ሁለተኛ ፓስፖርት ነው። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ከጥያቄው የያዝኩት «ዋርም»፣ ‘ሙቅ’፣ የምትለዋን ብቻ ነው። «ያ! ዋርም! ዜር ዋርም!» አልኳት፣ አውራ ጣቴን አንሥቼ። እሷም ደስ ብሏት ማኅተሙን መታችው። የጠየቀችኝ ‘ሙቅ ልብስ አላችሁ ወይ?’ ብላ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው፤ በጣም በኋላ።

ማታ ለየሺ ወረቀቱን ዘረጋሁላት።

«ደሴቱ ማን ይባላል?» አለችኝ።

«ደሴት።»

«ስሙን ነው የምልህ።»

«ስሙን ነው የምነግርሽ። ስሙ ደሴት ነው።»

«ስም የሌለው ደሴት አለ እንዴ?»

«የሺ፣ ጀርመኖች አያበዙም። ደሴት ከሆነ ደሴት ይሉታል፤ አለቀ። እኛ ነን አንዱን ልጅ በአራት ስም የምንጠራው።»

«እሺ» አለች።

እዚህ ላይ አንዳንዳችሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ዙሪክ ኖረህ ደሴት በጀርመንኛ ምን እንደሚባል እንዴት አታውቅም ትሉኝ ይሆናል። ትክክል ናችሁ። «ኢንዝል» ነው የሚባለው። ግን መጋዘን ውስጥ የሚያጋጥመኝ ዕቃ የሚጫንበት ፓሌት ነው፤ ደሴት አጋጥሞኝ አያውቅም። («ግን» አልኩ። ይቅር በሉኝ፤ ገና አልቆምኩም።)

ሻንጣ አዘጋጀን። ሁለት የገለባ ባርኔጣ፣ ሁለት ሰንደል፣ ሦስት የባሕር ዳር ፎጣ፣ የፀሐይ ቅባት፣ የዋና ልብስ። የሺ አንድ ሹራብ ልትከት ስትል አስቆምኳት። «እምነት የሌለው ሰው ነው ሙቅ አገር ሹራብ ይዞ የሚሄድ» አልኳት። እንዲህ ያለ አባባል የለም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት።

በረራው ከጄኔቭ ነበር። የሺም ልጇን ለማየት ሰበብ አገኘች፤ ከዋዜማው በባቡር ሄደን ቤዛ ዘንድ አደርን። ቤዛ ዙሪክ አድጋ ጄኔቭ ስለገባች አማርኛዋን ከአንድ ወገን ጀርመንኛ፣ ከሌላ ወገን ፈረንሳይኛ ግጦታል። እኔን «እርስዎ» እንድትለኝ አስተምሬያታለሁ። እርስዎ ትለኛለች፤ ግሡን ግን ለጎረምሳ ነው የምታደርገው።

«አባ፣ እርስዎ የት ነው የምትሄደው?»

የሥራ ቋንቋዋ እንግሊዝኛ ነው፤ በሱ ልንገራት ብዬ «አይላንድ» አልኳት፣ ኤሷን በሚገባ ውጬ።

«አየርላንድ! ሴ ቦ!» ብላ እጇን አጨበጨበች። ‘ያምራል’ ማለቷ ነው። «ግን አባ፣ እዚያ ዝናብ ብዙ አለ።»

«የሙቅ አገር ዝናብ ነው።»

«ሙቅ? አባ፣ ሙቅ አይደለም፣ እሱ…»

«ደሴት አይደለም?»

«ደሴት ነው፣ ግን…»

«‘ግን’ አይባልም።»

ቤዛ እናቷን አየቻት። እናቷ ትከሻዋን ነቀነቀች።

«እሺ። ቲኬት ልየው?»

«ልጅ የአባቷን ቲኬት አትመረምርም።»

«እሺ» አለች፤ ከእናቷ የወረሰችው ቃል ነው። ከዚያ ሁለት የዝናብ ልብስ አምጥታ ሻንጣችን ላይ ወረወረችና ጣቷን አነሣችብኝ። «አንድ ነገር ብቻ፣ አባ። እርስዎ እዚያ በግራ ትነዳለህ። በግራ! ሁሉም ሰው እዚያ በግራ ነው የሚነዳው። ማማ፣ አንቺ ንገሪው፤ እሱ ይረሳል።»

«እኔ አልረሳም» አልኩና በቀይ እስክሪብቶ «ግራ!» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ወረቀቱን መሪው ላይ ልለጥፈው ነው።

እንግዲህ የቤተሰባችንን ሁኔታ ልብ በሉ። እኔ በጀርመንኛ ያነበብኩትን በእንግሊዝኛ ነገርኳት፤ እሷ በእንግሊዝኛ የሰማችውን በአማርኛ መከረችኝ። አራት ቋንቋ ያለበት ቤት ነው ብለው ሰዎች ያደንቁናል። አራት ቋንቋ አለ፤ አንድ ወሬ ግን ሳይሰበር ከአንዱ ወደ ሌላው አልደረሰም።

አውሮፕላኑ ውስጥ የሺ ዙሪያዋን ቃኘች።

«ለምንድን ነው ሁሉም ሰው ቡት ያደረገው?»

«ለመንገድ ነዋ። ጠንቃቃ ሕዝብ ነው።»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ ፊታችን ያለውን የካርታ ስክሪን አየችው። «ወደ ላይ ነው እኮ የምንሄደው።»

«አውሮፕላን ወደ ላይ ካልሄደ ወዴት ይሄዳል?»

ቲኬቱ ላይ የማረፊያው ስም «ኬፍላቪክ» ይላል። እሱም አላሳሰበኝም። አዲስ አበባ የሚገባ ሰው «ቦሌ ደረስኩ» ይል የለም? የማረፊያ ስም እንዲሁ ነው።

ከበሩ ስንወጣ የመታንን ነፋስ መግለጽ አልችልም። ዙሪክ ውስጥ ብርድ አውቃለሁ፤ ይሄ ግን እኔን ያውቀኛል ማለት ነው የሚሻለው፤ በስሜ ጠርቶ ነው የገባብኝ። የሺ ባርኔጣዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ምንድን ነው ይሄ?» አለችኝ።

«የአውሮፕላኑ ሞተር ነው።»

«ሞተሩ ጠፍቷል እኮ!»

«የባሕር ነፋስ ነው። ያልፋል።»

ሰኔ ውስጥ ነን። አውሮፓ ውስጥ በሰኔ ብርድ የለም፤ ስለዚህ ይሄ ብርድ አይደለም። እንዲህ አድርጌ ነው የማስበው። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ችግር አለበት፤ ተሳስተሃል የሚለው አስተማሪ ኖሮት አያውቅም።

መኪናውን ተረከብን። «ግራ!» የሚለውን ወረቀት መሪው ላይ ለጠፍኩ። የሺ የዝናብ ልብሷን ለብሳ፣ ጉልበቷን በሁለት ፎጣ ጠቅልላ ተቀመጠች። ወጣሁ፤ በግራ።

መንገዱ ጭር ያለ ነው። ግራና ቀኙ ጥቁር ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ሽበት የመሰለ ሣር። ውበቱን አልክድም። ከፊት የመጣች አንዲት መኪና መብራቷን ብልጭ ድርግም አድርጋ በጠርዝ አለፈችን።

«ሰላም አለን» አልኩና እኔም ብልጭ አደረግሁላት። «የደሴት ሰው ሰላምታ ይወዳል።»

ሁለተኛዋ ብልጭ አድርጋ ጥሩምባም ጨመረች።

«ይሄኛው ደግሞ ዘመድህ ነው?» አለች የሺ።

«ሕጋቸውን አያከብሩም እነዚህ ሰዎች። ሁሉም በተሳሳተ በኩል ነው የሚመጣው።»

«ሁሉም ሰው ተሳስቶ አንተ ብቻ ልክ?»

«በታሪክ ሆኖ ያውቃል።»

ሦስተኛዋ ከፊታችን በዝግታ መጥታ፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ቆመች። ትንሽ የጭነት መኪና ነበረች። ከውስጧ ወፍራም የሱፍ ሹራብ የለበሰች አሮጊት ወረደች። አልተቆጣችም፤ አልቸኮለችም። እኔም ወረድኩ፤ በሰንደል። እግሬን አየችው። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ቃሉን እየለቀመች፣ «የት አገር እንዳለህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«አይላንድ» አልኳት፣ በኩራት።

«አዎ» አለች። «አይስላንድ።»

«ልክ ነው። አይላንድ።»

«ታዲያ ለምን በግራ ትነዳለህ?»

«አይላንድ ውስጥ በግራ ነው የሚነዳው።»

«አይስላንድ ውስጥ በቀኝ ነው።»

«ልጄ ነግራኛለች» አልኩ። «ጄኔቭ ነው የምትሠራው።»

አሮጊቷ ስለ ጄኔቭ ትንሽ አሰበች። ከዚያ መኪናዋ ውስጥ ገብታ የእንግሊዝኛ ካርታ አመጣችና የአገሩ ስም የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ላይ ጣቷን አኖረች። «አይስ» አለች፤ ቀስ ብላ። አይስን አውቃለሁ። መጋዘናችን ውስጥ የማቀዝቀዣው ክፍል ስም ነው። በእንግሊዝኛም በጀርመንኛም «አይስ» ነው፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይጣሉ የተስማሙበት ቃል እሱ ሳይሆን አይቀርም። የበረዶ ምድር። አገር ነው፤ ስም ያለው አገር። ጀርመኖች «ኢስላንድ» የሚሉት ይሄንኑ ኖሯል። ያቺ ስሰድባት የኖርኩት ኤስ በሰንደል አስቁማ ተበቀለችኝ።

መኪናው ውስጥ ተመለስኩ። ወረቀቱን ከመሪው ላይ ላጥኩት።

«ምን አለችህ?» አለች የሺ፤ መስኮቱ ተዘግቶ ስለነበር አልሰማችም።

እኔ ዙሪክ ባለችው ትንሿ የአገር ልጆች ማኅበራችን ቅዳሜ ቅዳሜ ለወጣቶች ስለ እውነተኛነት አስተምራለሁ። ይሄን ያህል ብቻ ልበላችሁ።

«በቀኝ በኩል ሲነዳ ዕይታው የተሻለ ነው አለችኝ» አልኩ።

«ብርዱንስ?»

«ያልፋል አለች።»

ውሸት እንደ ሹራብ ክር ነው። አንዱን ስትስብ ሌላው ይከተላል፤ በመጨረሻ ሹራብ የለህም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከፊታችን አንድ ተራራ መጣ፣ ከወገቡ በላይ ነጭ የሆነ።

«ያ ነጩ ምንድን ነው?» አለች።

«ጨው።»

ደግሞ ወደ ተራራው፣ ደግሞ ወደ እኔ አየች። «ጨው» አለች። በማግስቱ ማደያ ስንቆም ግድግዳው ላይ የአገሩ ስም በትልቁ ተጽፎ አየችና፣ ሻይዋን አስቀምጣ፣ «አይስላንድ ነው እንዴ ያለነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አውቄ ነው» አልኳት። «ላስደንቅሽ ብዬ ነው።»

«አውቀህ ነው?»

«አውቄ ነው።»

«ሰንደል ያስያዝከኝም አውቀህ ነው?»

«የእግር ጣት አየር ይፈልጋል።»

«እሺ» አለች።

ከዚያች «እሺ» በኋላ ስምንቱ ቀን ረዘመ። የሺ አልተጣላችኝም። እዚያ አገር በሰኔ ፀሐይ አትጠልቅም፤ ከዓይኗ የምሸሸግበት ጨለማ እንኳ አልነበረም። ስንነሣ «ዛሬስ የት ነው ያቀድክልኝ?» ትለኛለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ምንም የለም። እኔ ያላቀድኩትን አቅዳለሁ። ፏፏቴ እወስዳታለሁ። ከፏፏቴው ወደ ሌላ ፏፏቴ። በግ እናያለን፤ በጎቹም በሱፋቸው ውስጥ ሆነው የእኔን አጭር እጅጌ ያያሉ።

በሦስተኛው ቀን የየሺ ጉልበት አበጠ። አልነገረችኝም፤ አየሁት። አንድ ትልቅ ፏፏቴ ጋ ስንደርስ መኪናውን አቆምኩ። በሩን ከፈተች፣ አንድ እግሯን አወጣች፣ መልሳ አስገባች።

«አንተ ሂድና እይልኝ» አለች። «መጥተህ ትነግረኛለህ።»

ሄድኩ። ፏፏቴው ከሰማይ ነው የሚወርደው የሚመስለው፤ ሥሩ ላይ ቀስተ ደመና ቆሞበታል። ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሣል። እኔ ያን ሁሉ ውበት ብቻዬን ሳየው እንደ ሌባ ተሰማኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ እሷ ተንበርክካ ስትሠራ እኔ ሄጄ አይቼ መጥቼ ስነግራት የኖርኩ መሰለኝ። ወደ መኪናው ስመለስ ምን ብዬ እንደምነግራት አሰብኩ። «ትልቅ ነው» አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«ደስ ይላል» አለች፤ ፎጣውን ጉልበቷ ላይ እያጠበቀች።

ያኔ ስልኳ ጮኸ። ቤዛ ናት፤ የሺ ድምፁን ለሁለታችን ከፈተችው።

«ማማ! አየርላንድ እንዴት ነው? አባ በግራ ይነዳል?»

የሺ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«የምን አየርላንድ?» አለች።

«አባ ነው እንጂ! ጄኔቭ ላይ አየርላንድ አለኝ። ግን ማማ፣ ፎቶ ላክሽልኝ፣ እዚያ በረዶ አለ። አየርላንድ እንደዚያ በረዶ የለም። የት ነው ያላችሁት?»

«አይስላንድ።»

ከዚያ ከጄኔቭ አንድ ጩኸት መጣ። «ኢስላንድ?! አባ! እርስዎ ኢስላንድ ሄድክ? በሰንደል?»

«እኔስ ምን አልኩሽ!» አልኩ። ከዚያ የተሻለ መከላከያ አልነበረኝም።

«አይላንድ አልክ! አይላንድ ደሴት ነው፣ አባ! እርስዎ በጀርመንኛ አንብበህ… ኦ፣ ኖን!» ሳቋ አላስጨረሳትም። ስቃ ስቃ፣ በመጨረሻ «ማማ፣ ጉልበትሽስ?» አለች፤ አሁን ሳቁ የለም።

«ደህና ነው» አለች የሺ። ስልኩን ዘጋች።

ረጅም ጊዜ ተጓዝን። በጎች አለፉ።

«ጨው ነው አልከኝ» አለች ቆይታ፤ በጣም ቀስ ብላ። «የቤዛ አባት፣ ባሕሩ ቀርቶብኝ አይደለም። ሰው ይሳሳታል፤ እኔ ራሴ ካንተ ጋር ስሄድ ስንት መንገድ ስቻለሁ። ግን እኔ በረዶ አላውቅም? ሃያ ሁለት ክረምት ዙሪክ ኖሬ፣ በረዶ አሳይተህ ጨው ነው ትለኛለህ?»

ኪሴ ውስጥ ከሱቁ ያመጣሁት ወረቀት ነበር፤ ያቺ እስከ አንገቷ ውኃ ውስጥ ያለች ሴት ያለችበት። አውጥቼ ሰጠኋት። «ይሄን አይቼ ነው» አልኳት። እሷ ትክ ብላ አየችው።

«ይሄ ውኃ እዚሁ አገር ነው?»

አላውቅም ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናውን አቁሜ ሰው ጠየቅሁ። አንድ የማደያ ልጅ ነበር፤ ሳቀብኝ፤ እዚያ አገር ሙቅ ውኃው ከመሬት ነው የሚወጣው፤ ቤተ ክርስቲያን የሌለው መንደር ይገኝ ይሆናል እንጂ ሙቅ ገንዳ የሌለው አይገኝም ብሎ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን የመንደራቸውን ገንዳ አሳየን።

ገንዳው በራፍ ላይ ሌላ ፈተና ጠበቀኝ። በወንዶቹ በኩል አንድ ሽማግሌ ጠባቂ አለ። ከመግባትህ በፊት ልብስህን ሁሉ፣ የዋና ልብስህንም ጭምር አውልቀህ በሳሙና ትታጠባለህ አለኝ። እኔ በዕድሜዬ በሰው ፊት ካልሲዬን እንኳ ሳወልቅ ፊቴን የማዞር ሰው ነኝ። «እኔ ንጹሕ ነኝ» አልኩት። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አሳየኝ። «ደንብ ነው» አለ። ደንብ ሲባል መከራከር አልቻልኩም። ሌላ ሰው ባወጣው ደንብ ሥር መቆም እንዴት እንደሆነ ያን ጊዜ ቀመስኩ። ታጠብኩ።

የዋና ልብሴን ለብሼ ወጣሁ፤ እኔ ከመረጥኩት ዕቃ ሁሉ ለአገሩ የሚሆነው እሱ ብቻ ነበር። ውጭው ያው ነፋስ ነው፤ ከዚያው «ጨው» ካልኩት ተራራ የሚመጣ። የሺ ቀድማኝ ገብታለች። እስከ አንገቷ ውኃው ውስጥ ናት። ውኃው ይጨሳል። ባጠገቧ ሦስት የመንደሩ ሽማግሌዎች የሱፍ ቆብ አድርገው ስለ አንድ ነገር፣ ምናልባት ስለ በግ፣ ያወራሉ።

ገባሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዓይኗን ጨፍናለች። ጉልበቷን ከውኃው ሥር ዘርግታ፣ አጥፋ፣ እንደገና ዘረጋችው። ፊቷን አየሁት። ያው ነው፤ ሱቁ መስኮት ላይ ያየሁት ፊት። ሠላሳ ዓመት ሲጠብቅ የኖረ ዕረፍት።

«የሺ።»

«እ።»

«ተሳስቻለሁ።»

«አልሰማሁም፤ ነፋስ ነው።»

«ተሳስቻለሁ አልኩ።»

«ቁጭ ብሎ አይባልም» አለች፤ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ደንቡ ያንተ ነው።»

«እዚህ?»

«ቁም።»

ቆምኩ። ውኃው እስከ ጉልበቴ ነው፤ የቀረው አካሌ የነፋሱ ነው። ሽማግሌዎቹ ወሬያቸውን አቋረጡ። ክንዴን ደረቴ ላይ አጣመርኩ።

«እጅህ» አለች የሺ።

እጄን አወረድኩ። «ተሳስቻለሁ» አልኩ። «ደሴት መስሎኝ ነው ያመጣሁሽ…»

«ደሴት እኮ ነው።»

«አዎ። በረዶውንም ጨው ነው ብዬ ዋሽቼሻለሁ። አውቄ ነው ያልኩሽም ውሸት ነው፤ ምንም አላወቅሁም ነበር።» ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ልቀመጥ ነበር፤ ከዚያ አንድ የቀረ እንዳለ ታወቀኝ። «ላንጋኖም አልወሰድኩሽም።»

አሁን ዓይኗን ገለጠች። ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ መልሳ ጨፈነችና ራሷን የገንዳው ጠርዝ ላይ አስደገፈች።

ቆምኩ። ነፋሱ አለፈ፤ ሌላ መጣ። «ተቀመጥ» አልተባለም። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ደቂቃውን እንዴት እንደሚቆጥረው እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ቤዛ ትዝ አለችኝ፤ ቦርሳዋ፣ ቀጭን እግሯ፣ ዓይኗ ሾርባዋ ላይ፣ ዓይኗ እኔ ላይ። ጄኔቭ ስንደርስ የምነግራት ነገር አለኝ፤ ቆሜ።

አንደኛው ሽማግሌ አዘነልኝ መሰለኝ በእጁ ወደ ውኃው አመለከተኝ፤ ቁጭ በል ማለቱ ነው። አይሆንም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁለት። እሱ የቤታችን ታላቅ አይደለም።

«የሺ» አልኩ፤ ድምፄ ሁለት ቦታ እየተቆረጠ። «ተቀመጥ በዪኝ እንጂ።»

«ቆይ እንጂ፣ የቤዛ አባት» አለች፤ ውኃውን እስከ አገጯ እየሳበች። «ሾርባዬን ልጨርስ።»